ቶብ የዋጠው ሞተር

ቁልፉን አዙራችሁ፣ ነቅላችሁ፣ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ሳለ ያጠፋችሁት ሞተር አልጠፋም ብሏችሁ ያውቃል? አልጠፋም ብቻ ሳይሆን ጭራሽ እየባሰበት፣ እየጮኸ፣ ከነብረቱ ሊበር የተነሳ መስሎ ታይቷችሁ ያውቃል?

አብዛኞቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማችሁ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ ካርቱም ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን እስከ ዛሬ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት እችላለሁ፤ ሥራዬም ማስረዳት ነው፣ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ቢሆንም ማስረዳት መቻሌ ድንጋጤውን አልቀነሰልኝም።

ባለፈው ሳምንት በማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ጥግ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሰማያዊ ጭስ ለቆብን አለፈ። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽታው የናፍጣ አልነበረም። ናፍጣ ሲነድ ጉሮሮ ይከረክራል፤ የሞተር ዘይት ሲነድ ግን ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ምራቅ ቢውጡት አይወርድም። ልጆቹ፣ "ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?" አሉኝ። "ምንም" አልኳቸው። በዚያች ቅጽበት ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ዴም ሰፈር፣ ሆሻችን ውስጥ፣ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሆሽ የሚባለው ብዙ የኪራይ ክፍሎች በአንድ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩበት የካርቱም ቤት ነው። በእኛ ሆሽ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን ከወሎ የመጣን ነበርን። እኔ የምኖረው ከእናቴ ታናሽ ወንድም ከጀማል ጋር ነበር። አያ ጀማል እለው ነበር። እናቴ ዘይነባ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራለች። እኔ ዘንድ የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። ስትመጣ የሰው ቤት ሽታ ይዛ ትመጣለች፤ የሰው ሳሙና፣ የሰው ሽቶ፣ የሰው ልብስ መተኮሻ እንፋሎት። እቅፏ ውስጥ ገብቼ አንገቷ ስር የእሷን ሽታ እፈልጋለሁ። ሳገኘው ፀሐይ ትጠልቅና ልትሄድ ትነሳለች።

"እማ፣ መቼ ነው የማትሄጂው?" እላታለሁ፤ አማርኛዬ በዐረብኛ የተለወሰ ስለነበር ግማሹን ስታርመኝ ትቆያለች።

"አያ ጀማልን ጠይቂው" ትለኛለች። "አሮጊቷ ስትድን።"

አሮጊቷ የአያ ጀማል መኪና ናት። አራቱም ጎማዎቿ በሞተሩ የሚዞሩ፣ ቀለሟ ከአቧራው የማይለይ፣ ያረጀች ላንድክሩዘር። ክረምት ሲገባ ከገዳሪፍ ወዲያ ያለው የሰሊጥ አገር ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰውና ስንቅ አድርሶ የሚመለሰው እንዲህ ያለ መኪና ብቻ ነው፣ ሥራውም የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ችግሩ የአሮጊቷ ሞተር የቤንዚን ነበር። "አሮጊቷ አረጀች፣ ጥማቷ ግን አላረጀም" ይል ነበር አያ ጀማል፤ ሠርታ ያመጣችውን ራሷ ጠጥታ ትጨርሰዋለች። በመጨረሻም ሞተሩ ራሱ ደከመና ውሃና ዘይት አደባልቆ ቆመ።

ስለዚህ ቤተሰቡ የቆረጠው ነገር ይህ ነበር፦ የቤንዚኑ ሞተር ወጥቶ በቦታው የናፍጣ ሞተር ይገባል። ከዝናቡ በፊት ከደረሰ አያ ጀማል ክረምቱን ገዳሪፍ ይሠራል፣ እናቴም ካርቱም ሁለትን ትለቃለች። ካልደረሰ ሌላ ዓመት ትቆያለች። እናቴ ለዚህ ብላ የእጇን ወርቅ አውልቃ ሰጥታለች።

እኔ ይህን ሁሉ የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። አያ ጀማል አንድ ቀን ጸጉሬን እያሻሸ፣ "አይዞሽ ሰሚራ፣ ሞተሩ ሲገባ እናትሽ ትወጣለች" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልውውጥ ነው ብዬ አመንኩ። የካርቱም ሁለቷ ማዳም ሞተር ትፈልጋለች፤ ሞተሩ እሷ ቤት ሲገባ እናቴ በምትኩ ትወጣለች። ማዳም ሞተሩን የት እንደምታስቀምጠው አሳስቦኝ ነበር። ወጥ ቤት ነው? እናቴ የምታድርበት ክፍል ነው? ሞተር ልብስ መተኮስ ይችላል?

ሞተሩ የተገኘው ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ በድልድዩ ማዶ፣ የተሰባበሩ መኪናዎች ሥጋቸው እየተበለተ ከሚሸጥበት የብረት ገበያ ነው። ለላንድክሩዘር የሚሆነው ትክክለኛ የናፍጣ ሞተር ከመኪናዋ ይበልጥ ውድ ስለነበር አያ ጀማል ከአንዲት የተገለበጠች ትንሽ አውቶብስ የወጣ ሞተር ገዛ። በአህያ ጋሪ ተጭኖ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ተጠፍሮ ሆሻችን ገባ። ሸራው ሲገለጥ ሴቶቹ ሁሉ ከየክፍላቸው ወጡ።

"በአላህ ስም፣ ይሄ ነው ያ ሁሉ ወርቅ?" አለች አንዷ።

"ማሻአላህ በይ እንጂ!" ብሎ ተቆጣ ኡስታ በሽር። "ገና ያልተነሳ ሞተር በዓይን ይበላል።"

ኡስታ በሽር የሆሻችን ጎረቤት የሆነ ሱዳናዊ መካኒክ ነው። ረጅም፣ ነጭ ጥምጥሙን ሥራ ላይ እንኳ የማያወልቅ፣ ከእኛ ሰዎች ጋር ብዙ ከመኖሩ የተነሳ አማርኛ የሚሰብር ሰው። እጁ ሥራ አይሰለችም፣ አፉም ወሬ አይሰለችም።

ሥራው ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ተካሄደ። አሮጊቷን የፊት ጎማዎቿን ነቅለው በድንጋይ ላይ አሳረፏት። ኮፈኗን አወለቁ። ከኒም ዛፉ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አሰሩና የቤንዚኑን ሞተር ጎትተው አወጡት። ሲወጣ ውስጧ ባዶ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መሬቱ ይታያል፤ መኪና በውስጡ አልፎ መሬት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። ማታ ለአያ ጀማል፣ "አመማት?" አልኩት። "ማደንዘዣ ሰጥተናታል" አለኝ፤ አመንኩት፣ ከዚያ በኋላም በአጠገቧ ሳልፍ በጣቶቼ ጫፍ መራመድ ጀመርኩ።

አሁን ትንሽ ላስረዳ፤ ያለዚህ የኋለኛው አይገባም።

የአውቶብስ ሞተር ላንድክሩዘር ውስጥ እንዲሁ አይቀመጥም። አውቶብሷ የምትነዳው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ስለሆነ ከሞተሩ ስር ምንም የለም፤ ዘይት የሚጠራቀምበት ሆዱም እንደልቡ ወደ ታች ይንዘረጠጣል። በላንድክሩዘር ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎችን የሚነዳው ወፍራም ብረት ይተላለፋል። ሞተሩ ሲወርድ ሆዱ ብረቱ ላይ አርፎ አልገባ አለ። ሌላ የዘይት መያዣ እንዳይገዙ ገንዘቡ አልቋል። ኡስታ በሽር ሆዱን ፈታና ብረቱ የሚያርፍበትን ያህል ቆርጦ፣ ቆርቆሮ በይዶ፣ እንደገና አሰረው። ተስማማ። ሁሉም አጨበጨበ። ሆዱ ግን አንሷል። እንደ አውቶብሷ ጊዜ ብዙ ዘይት አይችልም።

ሌላም ነገር ነበር። ዘይቱ ስንት እንደደረሰ የሚለካበት ቀጭን ዘንግ ከገበያው ሲመጣም አልነበረም። አየሩን የሚያጣራው ጣሳም ኮፈኑ ስር አልገባ ስላለ፣ "እሱን በኋላ" ተብሎ አየር የሚገባበት ቱቦ አፉን ከፍቶ ወደ ጎን ተቀመጠ። የወንድ ክንድ የሚያክል ጥቁር አፍ። እኔ አፍ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ማንም አልነገረኝም።

ኡስታ በሽር ዘይቱን ሞላ፤ የቆረጠውን ስለሚያውቅ አሳንሶ። ከዚያ ለዐስር ሶላት ሄደ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ያበላሸውም ክፋት ወይም ስንፍና አይደለም።

አያ ጀማል ብቻውን ከሞተሩ ጋር ቀረ። እኔ ጀሪካኔ ላይ ተቀምጫለሁ። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ወለወለው። ጎንበስ ብሎም ያናግረው ጀመር።

"እንግዲህ እንኳን ደህና መጣህ" አለው። "ከገልባጭ ሹፌር ነው የተገላገልከው። እኛ ቤት ወሎ ነው። እኛ ቤት ለእንግዳ አይለካም።"

የዘይቱን ጣሳ አነሳና አንቆረቆረለት።

"ጠጣ።"

ደገመው። ጣሳው እየተንደቀደቀ ወረደ።

"በሞቴ!" አለው። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሌላ ጣሳ ከፈተ። "አሁንስ ጠገብኩ ይላል አያ!" አልኩት። "እንግዳ ጠገብኩ ስላለ ይታመናል እንዴ?" አለኝና ያንንም ጨመረለት። በእኛ ቤት እንግዳ አንዴ እምቢ ቢል ለትሕትና ነው፣ ሁለተኛ እምቢ ቢል ለወግ ነው፣ ሦስተኛው ላይ አፉ ውስጥ ይከተትለታል። ዘይት ሲያንስ ሞተር እንደሚሞት አያ ጀማል ያውቃል፤ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም ነበር። ደስታው ሞልቶበት ነው። ያን ቀን ጁምዓ ነበር፣ እናቴ እየመጣች ነበር፣ ሞተሩ ሊነሳ ነበር።

እናቴ ብዙም ሳትቆይ መጣች። አዲስ ቶብ ለብሳ ነበር። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከቀሚሳቸው በላይ ከራስ እስከ እግር ዞር ዞር አድርገው የሚጠመጠሙት ረጅም ጨርቅ ነው። ማዳም ለዒድ የሰጠቻት ነው፤ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቅጠል ያለው። እስከዚያ ቀን ለብሳው አታውቅም። "ለአሮጊቷ ነው የለበስኩት" አለችና ሳቀች፤ ጥርሷን ሙሉ ሳይ ደስ አለኝ።

"የት ልቁም?" አለች።

"እዚህ፣ በዚህ በኩል ቁሚ እትአለም" አላት አያ ጀማል ከመሪው ኋላ ተቀምጦ፤ ታላቅ እህቱን የሚጠራት እንዲህ ነበር። "ሲነሳ እንድታዪው።"

የቆመችው ከተከፈተው ቱቦ አጠገብ ነበር።

ኡስታ በሽር በወዲያኛው ጎን ሆኖ የናፍጣውን መስመር በእጁ ይነካካል። "ያላ! ቢስሚላህ በል!" አለ።

አያ ጀማል ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጓራ፣ ሳለ፣ ቆመ። እንደገና አዞረ። አጓራ፣ ሳለ፣ ተነሳ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አያ ጀማል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "እትአለም! ተነሳ!" እያለ ጮኸ። እኔ ልውውጡ መሳካቱን አወቅሁ። አሁኑኑ ተነስተን ለማዳም አድርሰን እናቴን እንደምናስቀር እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ።

መጀመሪያ አያ ጀማል ነዳጅ የረገጠ መስሎን ሳቅን። ኡስታ በሽርም፣ "ቀስ! ቀስ በል ያ ጀማል!" አለ። አያ ጀማል ሁለት እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ አሳየው። ምንም አልረገጠም። ድምፁ ግን እየወጣ ሄደ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊና ነጭ ጭስ እንደ ሃቡብ፣ እንደ አገሩ የአቧራ ማዕበል፣ ተንከባሎ ግቢውን ሞላ። ያ ሽታ ያን ጊዜ ምላሴ ላይ ተቀመጠ።

"አጥፋው!" አለ ኡስታ በሽር።

አያ ጀማል ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልጠፋም።

"አጥፋው እኮ ነው የምልህ!"

"አጠፋሁት! አጠፋሁት ወላሂ!" ቁልፉን ነቅሎ በመስኮት አወጣና በአየር ላይ ያንቃጭለው ጀመር። ያ ቁልፍ ከዓይኔ አይጠፋም። በሰው እጅ ላይ ያለ ቁልፍ፣ ከስሩ ደግሞ ያለቁልፍ የሚጮህ ሞተር። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሮች ሁሉ ሲያጠፏቸው የሚጠፉ ይመስሉኝ ነበር።

ኡስታ በሽር የናፍጣውን ቱቦ በጣቶቹ መንጥቆ ፈታው። ናፍጣው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ናፍጣ ሳይደርሰው ጭራሽ ባሰበት። መካኒኩ ራሱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁ። አንድ የሚያውቅ ሰው ሲያፈገፍግ ማየት ከሞተሩ ጩኸት በላይ ያስፈራል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው መኪና መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ የኒሙ ዛፍ ቅጠል ረገፈ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ መንገድ ሮጡ።

የሆነውን አሁን አውቃለሁ። የናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይነድም፤ አየሩን ጨምቆ በማጋል ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ቁልፍ የሚያደርገው ናፍጣውን መዝጋት ብቻ ነው። ከልክ ያለፈው ዘይት ግን በማስተንፈሻው ቱቦ እየተረጨ ወደ አየር መግቢያው ገብቷል፤ ሞተሩ የተጋበዘውን ዘይት እያነደደ ነበር። ባነደደ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ዘይቱን የበለጠ ይስባል። በማርሽ አፍኖ እንዳያስቆሙት ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ገና አልታሰረም። የቀረው አንድ ነገር አየሩ ብቻ ነው። በኡስታ በሽርና በአየሩ ቱቦ መሃል ደግሞ ማራገቢያው እንደ ቢላ ይሽከረከራል።

"አየሩን!" ብሎ ጮኸ በዐረብኛ። "ዘይነባ! አፉን ዝጊው! አፉን!"

እናቴ ወደ ኋላ አልሮጠችም። የቶቧን ጫፍ ከትከሻዋ ላይ ስባ፣ ጠቅልላ፣ ጥቁሩ አፍ ላይ ጫነችው።

አፉ ተቀበላት። ጨርቁን ከእጇ መነጨቀውና መዋጥ ጀመረ። ቶቡ ከትከሻዋ፣ ከራሷ፣ ከወገቧ እየተፈታ ወደ ውስጥ ገባ፤ እናቴ ደግሞ ከተጠመጠመበት ለመውጣት ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ብርቱካናማው ጨርቅ ሲጎተት፣ እሷ በጭሱ መሃል ስትሽከረከር፣ እጇ ወደ ቱቦው ሲሄድ አየሁ።

ያን ጊዜ ልውውጡ ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ሞተሩ ማዳም ቤት አይሄድም። እናቴን ራሱ ሊወስዳት ነው የመጣው።

"ኡሚ!" ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ መጮህ ጠፋኝ።

ሞተሩ ታነቀ። አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ መኪናዋን ከስር እስከ ላይ ናጣትና ቆመ።

ጸጥታው ከጩኸቱ ይብስ ነበር። የናፍጣው ጠብታ መሬት ሲነካ ይሰማል። እናቴ በስስ የቤት ቀሚሷ፣ ራሷ ተገልጦ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ እጆቿን ወደ ፊት እንደዘረጋች ቆማለች። የቶቧ ግማሽ ከቱቦው ወጥቶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል።

ኡስታ በሽር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ እሷን አላየም። ነጩን ጥምጥም ከራሱ ላይ ፈታና ሳይዞር፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሰጣት። ራሱን ያለጥምጥም ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ራሰ በራ ነው።

እናቴ ጥምጥሙን ተከናነበች። መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ይህ ነው፦

"ሞተሩ ሞተ?"

"እትአለም፣ እጅሽ..." አለ አያ ጀማል፤ ቁልፉን እንደጨበጠ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

"እጄን ተወው። ሞተሩ ሞተ ወይ?"

እኔ እግሯን አቅፌ ፊቴን ቀሚሷ ውስጥ ቀበርኩ። ያን ቀን የሰው ሽቶ አልሸተተኝም፤ የተቃጠለ ዘይትና ላቧ ብቻ። ፀሐይ ስትጠልቅ የተፋፋቀ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የመካኒክ ጥምጥም እንደ ቶብ ለብሳ፣ ወደ ካርቱም ሁለት ተመለሰች።

በማግሥቱ ኡስታ በሽር ሞተሩን ከፈተ። ጨርቁ ቱቦው አፍ ላይ ተጠቅጥቆ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ነበር። ዘይቱን ለማውጣት ከስር ያለውን ቡሎን ሲፈታ ግን ዘይቱ መጣ፣ መጣ፣ አላቋርጥ አለ። ሳፋው ሞላ። ጀሪካኑ ሞላ። "አምጡ!" ሲል የእኛን የእጅ ማስታጠቢያ አመጣሁ፤ እሱም ሞላ። ኡስታ በሽር ከመኪናዋ ስር ተንፏቆ ወጣና ዓይኑን አፈጠጠ።

"ይህን ያህል አልሞላሁም። ወላሂ አልሞላሁም። ጂን ነው የሞላው?"

አያ ጀማል መሬት መሬት አየ። "እኔ ነኝ" አለ። "ትንሽ... ጨመርኩለት።"

"ትንሽ?"

"በሞቴ ብዬ ነው።"

ኡስታ በሽር 'በሞቴ'ን ያውቃል። በእኛ ቤቶች ስንት ጊዜ ጠገብኩ ብሎ እየማለ እየተገዘተ በልቷል። በጥቁር መዳፉ ግንባሩን መታ። "ያ ሐበሺ! ሞተሩን አጎረስከው?" አለ። ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ያቺ ሴት ባትኖር" አለና አልጨረሰውም።

ያ ሳምንት በሙሉ አየሩ በደመና ከበደ፤ ከምሥራቅ መብረቅ ይታያል። አያ ጀማል ሰማዩን እያየ አይበላም። ሞተሩ ውስጡ ተጎድቶ እንደሆነ የሚታወቀው ሲነሳ ብቻ ነው፤ ለማስነሳት ደግሞ የሚነካው ሰው ጠፋ። "እናትሽ ትምጣ" ይል ነበር ኡስታ በሽር። "ያለ እሷ አላስነሳም።"

ጁምዓ እናቴ መጣች። አሮጌ ቶቧን ለብሳ፣ ጥምጥሙን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ። ለኡስታ በሽር ሰጠችው። ከዚያ ክፍላችን ገብታ ወፍራሙን የሥጋ መክተፊያ እንጨት ይዛ ወጣችና ቱቦው አጠገብ ቆመች፤ ልክ ያው ቦታ ላይ።

"ዛሬስ በሞቴ ብለኸዋል?" አለች ወንድሟን።

"አላልኩም።"

"እንግዳ ሲጠግብ በቃኝ ይላል፤ ወጉን ጠብቆም ቢሆን ይላል። ይሄ በቃኝ አያውቅም። ለዚህ ተለክቶ ነው የሚሰጠው።" መክተፊያውን ከፍ አደረገች። "አስነሳው።"

ተነሳ። ማንም እልል አላለም። እኔ በሩ ኋላ ተደብቄ በስንጥቁ አያለሁ። ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ ቆየ፤ ዱግ ዱግ ዱግ፣ እንደ ደከመው ሰው እርምጃ።

"አጥፋው" አለች እናቴ።

ጠፋ።

"አስነሳው።"

ተነሳ።

"አጥፋው።"

ጠፋ። እንዲህ እያለች ደጋግማ አስነሳችው፣ ደጋግማ አጠፋችው። ኡስታ በሽር፣ "ያ ዘይነባ፣ ባትሪው አለቀ!" ብሎ እስኪለምናት ድረስ አልበቃትም። እኔም ከበሩ ኋላ ወጣሁ። መክተፊያውን ስታወርድ ክንዷ ደርቆ አልታጠፍ ብሏት ነበር።

አሮጊቷ ኮፈኗን ለብሳ፣ አየር ማጣሪያዋን ታጥቃ የወጣችው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ባጠበው ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ጉዞዋ ገዳሪፍ አልነበረም፤ ካርቱም ሁለት ነበር። ከማዳም በር ላይ ቆምን። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሞተሩን አውርደው ወደ ግቢው የሚያስገቡ ሰዎች እየጠበቅሁ ነበር። ማንም አልመጣም። እናቴ አንድ ጓዝ ብቻ ይዛ ወጣች።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። መኪናው ውስጥ ግን አልገባችም። መንገዱ መሃል ቆማ፣ "ጀማል፣ አጥፋው" አለች።

"እንዴ እትአለም፣ ልንሄድ አይደል?"

"አጥፋው።"

አጠፋው። መንገዱ ጸጥ አለ። እናቴ ያን ጸጥታ ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ ጎኔ ገብታ ተቀመጠች፣ በሩን ዘጋችና፣ "በል፣ አሁን አስነሳው" አለች።

በየዓመቱ እሳት ያለ አየር እንደማይነድ የማስተምርበት ቀን ይመጣል። ትምህርቱ ቀላል ነው፣ ልጆቹም ይሰለቹበታል። እናንተ ግን አንድ ጊዜ ሞክሩልኝ። ሻማ አብሩ። አንድ የምትወዱትን ሰው ጥሩና ብርጭቆ በእጁ ስጡት፤ ነበልባሉ ላይ እንዲደፋው ንገሩት። ነበልባሉ ሲሟሽሽ፣ ሲያጥር፣ ሊጠፋ ሲል፣ እሳቱን አትዩ። ብርጭቆውን የያዘውን ሰው ፊት እዩ።